ብርሃን የሚሸሸው ዓሣ፦ የበጋ ዎላይ በሚላክስ ሐይቅ

ከሚኒያፖሊስ ተነሥታችሁ በ169 ጎዳና ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ፣ የኦናሚያን ከተማ አልፋችሁ ብዙም ሳትቆዩ ዛፉ ይገለጥና ማዶው የማይታይ ውኃ በቀኝ በኩል ይዘረጋል። ሚላክስ ሐይቅ ይህ ነው። አገር ቤት ክረምት የምንለው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ የሚወርድበት ጊዜ፣ እዚህ ሚኒሶታ የዓመቱ ሞቃት ወቅት ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በነዚህ ወራት ከወገኖቻችን መካከል ዘንግና መንጠቆ ይዘው ወደ ሐይቁ የሚወጡ አሉ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ "ዕድል የለኝም" ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን ለዕድል አልተወውም። ዎላይ የተባለው ዓሣ የሚውልበትና የሚያድርበት ቦታ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በብርሃን፣ በምግብና በውኃው ሙቀት። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው ዓሣውን ያገኛል። ሙቀቱን በሚገባ ያወቀ ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለበትም ያውቃል፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ሁለተኛው ነው።

እንደ ምጣድ የተዘረጋ ውኃ

ሚላክስ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ትልቁ ጥልቀቱ ግን 13 ሜትር፣ በአገሩ አለካክ 42 ጫማ ብቻ ነው። ጣናን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ጣናም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ዝርግ ናቸው፤ ዝርግ ውኃን ደግሞ ነፋስ ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ጥልቅ ሐይቆች በበጋ ላያቸው ሞቆ ታቻቸው ቀዝቅዞ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከታች ያለው ውኃም ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ያጥረዋል። ሚላክስን ግን ነፋሱ ስለሚያናውጠው እንዲህ ጸንቶ አይከፈልም። ስለዚህ ዎላይ በኦገስትም ቢሆን ወለሉ ላይ ተኝቶ መተንፈስ ይችላል።

ወለሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ በኩል ድንጋይና ኮረት ይበዛል። ወደ ሰሜንና ወደ መካከሉ ስትሄዱ ግን ከውኃው በታች የጭቃ አምባዎች አሉ። አምባ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ልክ እንደ አገራችን አምባ ጫፋቸው ሜዳ፣ ዳራቸው ቁልቁለት ነው። የአካባቢው አጥማጆች "ፍላት" ይሏቸዋል። የጥልቀት መለኪያው ሶናር ከ10 ሜትር በድንገት ወደ 7 ወይም 8 ሜትር ሲወጣ የአምባው ጠርዝ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። በጁላይ ጀልባዎች በዚህ ጠርዝ ላይ ተሰድረው የምታዩት በከንቱ አይደለም።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎች ለሐይቁ ያወጡት ስም "ትልቅ ሐይቅ" ማለት ነው። ሚላክስ የሚለውን ያወጡት ፈረንሳዮች ሲሆኑ ትርጉሙ "ሺህ ሐይቆች" ነው። ውኃው በደቡብ ምዕራብ በኩል በረም ወንዝ ወጥቶ አኖካ ከተማ ላይ ሚሲሲፒን ይቀላቀላል።

ዓይኑን እዩ

ዎላይን በእጃችሁ ስትይዙ መጀመሪያ የምታዩት ዓይኑን ነው። የፈዘዘ መስታወት ይመስላል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ሌሊት በባትሪ ስታበሩበት ልክ እንደ ጅብ ዓይን መልሶ ያበራል። ምክንያቱም አንድ ነው። ከዓይኑ ኋላ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን አለ፤ አንዴ ያለፈው ብርሃን ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ በዓይኑ ውስጥ ያልፋል። በዚህ የተነሣ ዎላይ በድንግዝግዝ ውስጥ ከሚያድነው ዓሣ ይልቅ አጥርቶ ያያል።

የሚያድነው በዋናነት ቢጫ ፐርች የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። ፐርች በቀን ብርሃን ጎበዝ ነው፤ ሲመሽ ግን ዓይኑ ይደክማል። ዎላይ ይህችን ሰዓት ይጠብቃል። ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰማዩ ሲደምን፣ ነፋስ ውኃውን ሲያደፈርሰው፦ እነዚህ ሁሉ ለእርሱ የአደን ሰዓቶች ናቸው። ቀትር ላይ፣ ውኃው እንደ ዘይት ረግቶ ፀሐይ ስትበረታ፣ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላ ይሸሻል። በመጀመሪያው ዓመት ከጓደኛዬ ጋር እኩለ ቀን ላይ ደርሰን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ደርቀን፣ ልንወጣ ስንል የማታዎቹ ጀልባዎች ሲገቡ አየን። ትምህርቱ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ለውጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ዜብራ መስል የምትባል ባለ ሸንተረር ቅርፊት ፍጡር እ.ኤ.አ. በ2005 በሚላክስ ተገኘች። ይህች ፍጡር ውኃውን እያጠለለች በውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነገሮች ትመገባለች፤ ስትበዛ ውኃው ይጠራል። ለዋናተኛ ጥሩ ነው፤ ለዎላይ ግን አይደለም። ብርሃኑ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ ዓሣው ጨለማ ለማግኘት ቀድሞ ከሚያርፍበት ይርቃል። ከሃያ ዓመት በፊት የነበረ ልምድ ያላቸው ሰዎች "ድሮ እዚህ ነበር" የሚሏችሁን ቦታ በጥንቃቄ ስሙት።

ከጁን እስከ ኦገስት

ዎላይ በረዶው እንደቀለጠ፣ በኤፕሪልና በሜይ መጀመሪያ በድንጋያማ ዳር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ወቅቱ በሜይ አጋማሽ ሲከፈት ገና ከዳር አልራቀም። ጁን ሲገባ ውኃው እየሞቀ ይሄዳል፤ ዓሣውም ወደ ድንጋያማ ጉብታዎችና ወደ ጭቃ አምባዎቹ ይሰማራል። የሚስማማው ሙቀት ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው።

በጁን አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል። ጭቃው ውስጥ በእጭነት ሲኖሩ የቆዩ ሜይፍላይ የሚባሉ ነፍሳት በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣሉ። ክንፍ አውጥተው የሚኖሩት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። አገር ቤት ዝናብ ሲያባራ አሸን ከመሬት ፈልቶ መብራት ሲከብብ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። የዳር መብራቶች፣ የመኪና መስታወቶች፣ ጀልባዎች ሁሉ በነፍሳት ይሸፈናሉ። ዎላይ በነዚያ ቀናት እጩን ከጭቃው ሲወጣ እየለቀመ ሆዱን ይሞላል። መንጠቋችሁን ቢንቀው አትገረሙ። ያኔ ትንንሽ ማባበያ ተጠቀሙ፣ ቀስ በሉ፤ ወይም ነፍሳቱ ከሌሉበት ድንጋያማ ክፍል ሞክሩ።

ጁላይና ኦገስት የዓሣው የመብላት ፍላጎት የሚጨምርባቸው ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ ምግቡን ቶሎ እንዲፈጭ ስለሚያደርገው። ግን በዚያው ልክ ሐይቁ በራሱ በቂ ምግብ አለው። በጸደይ የተፈለፈሉት ፐርቾች አድገው በየቦታው ይርመሰመሳሉ።

አልቅትና ተንሳፋፊ

ለጀማሪ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፤ በሚላክስም ከሁሉ የታወቀው እርሱ ነው። ማባበያው አልቅት ነው። "አልቅት" ስል ፊታችሁን ስታጨማድዱ ይታየኛል፤ ከብት ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ የሚጣበቀው ነውና የምናውቀው። በማባበያ ሱቅ የሚሸጠው ግን ሌላ ዘር ነው። ደም መጣጭ ሳይሆን ትንንሽ የውኃ ነፍሳትን የሚበላ ነው። እጃችሁ ላይ ቢጣበቅ ቀስ አድርጋችሁ አላቁት።

ተንሳፋፊው መሐሉ የተበሳ ነው፤ ክሩ በቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል። በክሩ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ታስራላችሁ። ስትወረውሩ ተንሳፋፊው ወደ መንጠቆው ወርዶ ስለሚጠጋ ለመወርወር ይመቻል። ውኃው ላይ ሲያርፍ እርሳሱ ክሩን ወደ ታች ይስበዋል፤ ቋጠሮው ተንሳፋፊው ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንግዲህ ጥልቀቱን የምትወስኑት ቋጠሮውን በማንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ ወለሉን ለኩ። ከዚያ አልቅቱ ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ። መንጠቆው በመጣበቂያው በኩል፣ በሰፊው ጫፍ ይግባ፤ እንዲህ ሲሆን አልቅቱ ሲዋኝ ይውላል። ሞቶ የተጠቀለለ አልቅት ዓሣ አያታልልም፤ ለውጡት።

ተንሳፋፊው ሲሰምጥ አትደንግጡ። የላላውን ክር ጠቅልሉ፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ ዘንጉን በቀስታ ግን በርግጠኝነት ወደ ላይ አንሡ። እርሳሱን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፦ ከቆርቆሮ ወይም ከብረት የተሠራውን ምረጡ። የሚኒሶታ መለያ የሆነችው ሉን የተባለችው ወፍ ወለል ላይ የወደቀ እርሳስ ከጠጠር ጋር ውጣ ትመረዛለች።

ጀልባውን እያንቀሳቀሱ ማጥመድም አለ። አንዱ በአምባው ጠርዝ ላይ በዝግታ እየሄዱ፣ በክሩ ላይ የሚንሸራተት ክብደት ወለሉን እየዳሰሰ አልቅት ወይም የምድር ትል መጎተት ነው። ሌላው የሚሽከረከር ቅጠል መሳይ ብረት ከትል ፊት አድርጎ ፈጠን ብሎ መጎተት ሲሆን፣ ዓሣው በሰፊው ሲበተን በጁላይ ይሠራል። ሁለቱንም ከሚያውቅ ሰው ጋር በጀልባ ተቀምጦ መማር ከማንበብ ይበልጣል።

ነፋሱ ወዳጅም ጠላትም ነው

ከምዕራብ የሚነፍስ መካከለኛ ነፋስ ቀኑን ሙሉ የምሥራቁን ዳር ሲመታ ከዋለ፣ ምሽት ላይ ወደዚያው ሂዱ። ሞገዱ ብርሃኑን ይሰባብረዋል፤ ዎላይም በቀን ሳይቀር ወደ ጥልቀት የለሹ ድንጋይ ይቀርባል። በዝርግ ሐይቅ ግን ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ትንሽ ጀልባን ውኃ ሊሞላባት ይችላል። የሚኒሶታ ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ በጀልባው እንዲኖር፣ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅም ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዲለብሰው ያዛል። እኔ ግን አዋቂውም ይልበስ እላለሁ፤ በተለይ ዋና የማንችል ብዙዎች ነንና። የነጎድጓድ ድምፅ ከሰማችሁ ዓሣው እየበላም ቢሆን ውጡ።

ሐይቁ የማን ነው

ይህ ለስደተኛ አንባቢ በደንብ ሊነገር የሚገባ ነው። ኦጂብዌዎች እ.ኤ.አ. በ1837 በተፈረመ ስምምነት መሬቱን ሲለቁ የማደን፣ የማስገርና የመልቀም መብታቸውን አስቀርተዋል። የሚኒሶታ ግዛት ይህ መብት ጠፍቷል ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በ5 ለ4 ድምፅ መብታቸው እንደጸና ነው ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሊወጣ የሚችለው የዎላይ መጠን በግዛቱና በነገዶቹ መካከል ይከፈላል። በጀልባ ማውረጃው ላይ "ዓሣውን የጨረሰው የኦጂብዌዎቹ መረብ ነው" የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። አትቀበሉት። በሚላክስ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱም ይታያል፤ ችግሩ ወጣቶቹ ዓሦች አድገው ለአቅመ መራባት ሳይደርሱ መመናመናቸው ነው። ውኃው ተለውጧል፣ መጤ ፍጥረታት ገብተዋል፣ የምግብ ሰንሰለቱ ተናግቷል።

ውጤቱን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦገስት መጀመሪያ ላይ የዎላይ ማጥመድ ሳይታሰብ ተዘጋ። በ2016 ደግሞ አንድም ዎላይ ወደ ቤት መውሰድ አልተፈቀደም፤ የተያዘው ሁሉ ይለቀቅ ነበር። ስለዚህ የሚፈቀደው ቁጥርና ርዝመት፣ ሌሊት ማጥመድ የሚከለከልባቸው ሳምንታትም ጭምር፣ በየዓመቱ ይለያያሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የዚያን ዓመት ደንብ አንብቡ። 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በበጋም ለአንድ ሰው አንድ ክር ብቻ ነው የሚፈቀደው።

የለቀቃችሁት ዓሣ ይኖራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ብዙ ሰው ዓሣውን መልሶ ውኃ ውስጥ ሲጥል ያዳነው ይመስለዋል። በሜይ፣ ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በጁላይና በኦገስት ግን ሌላ ነው። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ታግሎ የደከመ ዓሣ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ከተለቀቁት ውስጥ የሚሞቱት ቁጥር ይጨምራል። ዋኝቶ ሲሄድ አይታችሁት በማግስቱ ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሊንሳፈፍ ይችላል። የዓሣ ባለሙያዎችም በሚላክስ ይህን ሞት ይገምቱና ከተፈቀደው የዓመቱ መጠን ላይ ይቀንሱታል።

ጥልቀቱም ይጎዳል። የዎላይ የአየር ከረጢት ከጉሮሮው ጋር አይገናኝም፤ አየሩን ሊተፋው አይችልም። ከ9 ሜትር በታች በፍጥነት ሲሳብ ከረጢቱ ይነፋል፣ ዓሣውም ወደ ታች መመለስ ያቅተዋል። ዓሣውን ከያዛችሁ እጃችሁን አርጥቡ፣ ሆዱን ደግፉ፣ ዓይኑንና ስንጥቡን አትንኩ፤ ፎቶ ካነሣችሁም ትንፋሻችሁን መያዝ በምትችሉበት ጊዜ ውስጥ ይለቀቅ። መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ከገባ አትጎርጉሩ፤ ክሩን ቁረጡ። ዓሣው ክሩ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከተጎረጎረ ግን የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

ስትወጡ የጀልባችሁን ውኃ አፍስሱ፣ መድፈኛውን ንቀሉ፣ አረሙን አራግፉ፤ ዜብራ መስል ከሐይቅ ሐይቅ የተጓዘችው በእንዲህ ያለ ቸልተኝነት ነው። የወሰዳችሁትን ዓሣ ሥጋው ነጭና አጥንቱ ጥቂት ስለሆነ በሎሚና በሚጥሚጣ አሽታችሁ መጥበስ ይበቃዋል።

እንግዲህ በጁላይ ሙቀት፣ የተፈቀደላችሁን ይዛችሁ ዓሣው አሁንም እየበላ ከሆነ፣ "ለጨዋታ" ብላችሁ አትቀጥሉ። መንጠቆውን ከውኃው አውጡና ወደ ዳር ተመለሱ።