ሼናንዶዋ ለማደር ሲታሰብ

ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለማደር የሚሰናዳ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ቀኑ ነው። ሥጋው የት እንደሚጠበስ፣ ልጆቹ የትኛውን ፏፏቴ እንደሚያዩ፣ ቡናው መቼ እንደሚፈላ ይመካከራል። ቀኑ ግን ብዙ ባይታሰብለትም ራሱን ይሞላል። የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ዕቅዱን ከሌሊቱ ከጀመርነው ድንኳን ይሻላል፣ ዩርት (ክብ የሸራ ቤት) ወይስ አርቪ (መኝታ ያለው መኪና) የሚለው ጥያቄም መልስ ማግኘት ይጀምራል።

በቅድሚያ ብርዱ። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። ከፓርኩ ማደሪያዎች እጅግ የታወቀው ቢግ ሜዶውስ ግን 1,070 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ቆላና ደጋን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለአዋሽ የለበሰውን ስስ ሸሚዝ ብቻ ይዞ ደብረ ብርሃን የሚያድር የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን መንገዱ አጭርና ምቹ ስለሆነ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣታችንን እንረሳዋለን። በኦክቶበር ቅጠሉ በሚቀላበት ሰሞን ተራራው ላይ ወደ 0 ዲግሪ የሚወርድ ሌሊት ያጋጥማል።

ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሰውን ከአየሩ ይልቅ የሚያበርደው መሬቱ ነው። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ በአየር የሚነፋ ትልቅ ፍራሽ ይዘን፣ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጆቹ ጎናቸው ቀዝቅዞ ተነሱ። ፍራሹ ውስጥ ያለው አየር ስለሚንቀሳቀስ የሰውነትን ሙቀት እየወሰደ ለመሬቱ ያስረክባል። ስሊፒንግ ባግም ቢሆን ከስር በኩል በሰውነታችን ክብደት ስለሚጨፈለቅ ሙቀት የሚይዝበት ክፍተት አይቀረውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማባከናችሁ በፊት ከስር ለሚነጠፈው አስቡ። ጥሩ የመሬት ፍራሽ ላይ አር ቫልዩ የሚባል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከመሬቱ ብርድ ይጋርዳል። ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈው ዲግሪም ብዙ ጊዜ ሰው ብርዱን ተቋቁሞ የሚያድርበት ወሰን እንጂ ተመችቶት የሚተኛበት አይደለም፤ ከምትጠብቁት ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ጋቢ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ከጠጣ ማሞቁን ያቆማልና እስከ መኝታ ድረስ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ድንኳኑንም ብርድ ፈርታችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። የስንት ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል።

አገር ቤት በዝናብ ወቅት ድንኳን ሲተከል ዙሪያውን ቦይ መቆፈር የተለመደ ነው። ፓርኩ ውስጥ መሬት መቆፈር ስለማይፈቀድ ቦታ አመራረጥ የቦዩን ሥራ ይሠራል፦ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ውሃ ያላቆረ መሬት ይፈለግ። ከስር የሚነጠፈው ሸራ ጠርዝ ከድንኳኑ ወጣ ካለ ዝናቡን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይመራዋልና ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፉት። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፎቹን እዩ። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ አሽ የሚባለውን ዛፍ እየፈጀው ስለሆነ ቆሞ የደረቀ ግንድ ብዙ አለ። ይህ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ የማገዶ እንጨት ነው። ከቤት እንጨት ጭኖ መግባት የተከለከለው ለዚህ ነው፤ በሙቀት የታከመ እንጨት እዚያው ይገዛል።

እሳት ከተነሳ ስለ ከሰል ልናገር፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቡና ካለ ከሰል አለ፣ ከቡናው በኋላም ምድጃው ላይ ፍም ይተርፋል። ሌሊቱ ሲበርድ ያንን ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ያምራል፤ በተለይ ሕፃን ወይም አዛውንት ካሉ። በፍጹም አታድርጉት። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛውን ሰውም አይቀሰቅስም። አገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማን የለንም። ሸራው ስስ ነው፣ አየር ያስገባል ብላችሁ አትመኑ፤ ዩርትም ሆነ አርቪ ያው ነው። እማማ ከበረዳቸው ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራቸው ስር አድርጉላቸው።

ሌላው የሌሊት ጉዳይ ድብ ነው። እኛ ዱር ስናስብ የሚመጣብን ጅብና ነብር ነው፤ ሼናንዶዋ ውስጥ ግን ጥቁር ድብ በብዛት ይኖራል። ሰውን አይፈልግም፣ ምግብን እንጂ፤ አፍንጫውም እጅግ የሠላ ነው። ንጥር ቅቤና በርበሬ የገባበት ወጥ ደግሞ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ የሚሸት ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አያድርም፦ ድስቱ፣ የተረፈው እንጀራ፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ዕጣኑም ጭምር። ሁሉም ተቆልፎ መኪና ውስጥ ይደር፤ ድስት ታጥቦ፣ ቆሻሻ ድብ ሊከፍተው በማይችለው ማጠራቀሚያ ተጥሎ። አንዴ የሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ይመለሳል፣ ያም ለራሱ መጥፊያው ነው። ከድቡ ይልቅ በየዕለቱ የሚያጋጥመው ግን መዥገር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ማታ ማታ የልጆችን ብብት፣ ጉልበት ሥርና ጆሮ ጀርባ መፈተሽ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማደሪያው ምርጫ እንመለስ። መሬት ላይ ወርዶ መነሣት የሚከብደው ሰው ካለ ዩርት ይታሰብ። ዩርት የመካከለኛው እስያ አርብቶ አደሮች ክብ ቤት ነው፤ ሞንጎሎች ጌር ይሉታል። የእነሱ ግድግዳ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ እንጨት ሆኖ በበግ ጠጉር ይለበዳል። የአሜሪካው ግን በወፍራም ሸራ የተሸፈነ፣ የእንጨት ወለልና አልጋ ያለው ነው። ሼናንዶዋ ውስጥ ስለሌለ ከቨርጂኒያ ግዛት ፓርኮች መፈለግ ይኖርባችኋል። ለምሳሌ ከዋሽንግተን 6 ሰዓት ገደማ የሚያስነዳው ግሬይሰን ሃይላንድስ አለው፤ እሱም ከፍተኛ ቦታ ስለሆነ ብርዱ ይጠብቃችኋል።

አርቪ ለመከራየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ቁመቱን፣ ጣሪያው ላይ ካለው ማቀዝቀዣ ጋር፣ እወቁ። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የ105 ማይል የተራራ ጫፍ መንገድ 32ኛው ማይል አካባቢ በሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.86 ሜትር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁመት ያለው ተሽከርካሪ ወደ ቢግ ሜዶውስ መግባት ያለበት በደቡብ በኩል፣ በስዊፍት ረን ጋፕ በር ነው። በፓርኩ ማደሪያዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም። ጀነሬተር የሚፈቀደውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሌሊቱን በማሞቂያ አልፋለሁ ያለ ሰው ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ ያጣራ።

ቦታ የሚያዘው ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ የኦክቶበር ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። እኔ እንቁጣጣሽን እመርጣለሁ፤ የሌበር ዴይ ግርግር አልፏል፣ ብርዱም ገና አልከረረም። አንድ ቦታ ላይ ከ6 ሰው በላይ አያሳድሩም። አክስትና አጎት ጨምረን የምንሄድ ሰዎች ይህን መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ሳለን ቆጥረን ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ወይም የቡድን ማደሪያ መያዝ አለብን።

ከዚያ የመነሻው ሰዓት አለ። ዓርብ ከሥራ መልስ በ11 ሰዓት የወጣ ሰው፣ መንገዱ ባይዘጋ እንኳ፣ ፍሮንት ሮያል በር ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ከዚያ እስከ ቢግ ሜዶውስ 51 ማይል ይቀረዋል፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ደርሶ የሚቆመው ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ በጨለማ ነው። አጋዘን እየዘለለ የሚያቋርጠው መንገድ ላይ ደግሞ መፍጠን አይቻልም። በሉሬይ አቅራቢያ ባለው ቶርንተን ጋፕ በር ከገባ ግን የተራራው መንገድ ወደ 20 ማይል ያጥራል። ከሁሉ የሚሻለው ቅዳሜ ጠዋት መውጣት ነው። ያም ሆነ ይህ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ዘርጉትና ልጆቹ ካስማዎቹን ይቁጠሩ፤ የጎደለውን ለመግዛት ገና ጊዜ አላችሁ።