ምዕራፍ 6፦ ወላጅ በሕይወት እያለ የሚሠራ ቤት

የሕዝብ ማርጀት፣ ማለትም ከጠቅላላው ነዋሪ ውስጥ የአረጋውያን ድርሻ እያደገ መሄዱ፣ በየአገሩ አንድ ዓይነት ውጤት አያስከትልም። ከአሥር ሰዎች ሦስት ያህሉ 65 ዓመት በሞላቸው በጃፓን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በተደረገው የቤቶች ጥናት 9 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ሰው አልባ ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ባሉት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ግን የአረጋውያን ድርሻ ገና አነስተኛ ሲሆን፣ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር የሚከተለው የቤት መትረፍ ሳይሆን የቤት እጥረት ነው፤ ወላጅ ቤቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ያገባው ልጅም የራሱን ጎጆ መቀለስ ስላለበት፣ ቀድሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድር የነበረው ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ቤት ይሻል።

ገጠሩም በዚህ ላይ ይጨምርበታል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ማሳ ከደረሳቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሸምግለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያደገው ትውልድ ውርስ ወይም ስጦታ ካላገኘ በቀር የሚያርሰው ስለሌለው ወደ ከተማ ይገባል፣ ጉልበታቸው የደከመ ወላጆቹም መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ሐኪም ቤት ወደሚቀርበው ልጃቸው ይመጣሉ። ስለዚህ ቦታ የተመራ ወይም በቤት ማኅበር የሚቆጥብ ወጣት መሠረት ሳይቆፈር ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይገባዋል።

አንደኛውና ዋነኛው ደረጃ የሌለው የወላጅ ክፍል ነው። አረጋዊ ሰው በሌሊት ለሽንት ሲነሣ ሊወድቅና ዳሌው ሊሰበር ስለሚችል፣ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ሳይሆን ከክፍሉ ጋር ተያይዞ፣ መቀመጫ ያለው ሆኖ፣ በግድግዳው ላይ የብረት መደገፊያ ተበጅቶለት ሊሠራ ይገባል፤ በሩ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያሳልፍ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፋ፣ ወለሉም በሚያንሸራትት ሴራሚክ አይነጠፍ፣ ደጁ ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት መደብ አይጥፋ። የዘመኑ ሰው ግን ለሶፋና ለቡፌ ሰፊ ሳሎን ሲያዘጋጅ አባቱን ወደ ሰርቪስ ቤት ይገፋል፤ በሕይወት ሳሉ አንድ መጸዳጃ የነፈጋቸውን ሰው፣ ሲሞቱ ድንኳን ተክሎና በሬ አርዶ በተዝካር ማክበር ለታይታ እንጂ ለነፍስ አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያንና ከዕድርተኛው ባይርቅ ይመረጣል።

ሦስተኛው የሚመለከተው ወላጆችን ነው። ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በቅርብ የሚታወቁ አንድ የቡሬ ጡረተኛ መምህር፣ ልጆቻቸው ቤት እንዲሠሩበት ብለው ብቸኛ ቤታቸውን ሸጠው ካከፋፈሏቸው በኋላ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገፉ ኖረው በመጨረሻ በጡረታ አበላቸው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ቤቱን ለልጅ መስጠት የሚሻ ወላጅ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀውን የአላባ መብት፣ ማለትም በሕይወት እስካለ ድረስ በቤቱ የመኖርና በኪራዩ የመጠቀም መብት፣ ለራሱ ማስቀረት ይችላል፤ የቤት ስጦታም በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ተጽፎ፣ በምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም ይኖርበታል። ይህ ሲነገረው የሚቆጣ ልጅ ካለ፣ ቤቱ ሊሰጠው የማይገባው እርሱ ነው።