ምዕራፍ ስድስት፦ ድምፁ የማይረብሽና በቀላሉ የማይግል ዴስክቶፕ ኮምፒውተር

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጩኸትና ሙቀት ተነጣጥለው የሚታዩ ችግሮች አይደሉም፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚያከናውነው ቺፕ፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ይህንኑ ሙቀት የሚያስወጡት ፋኖች በፈጠኑ ቁጥር ድምፃቸው ያይላል። ስለዚህ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ መምረጥ ያለበት ፋን ሳይሆን አነስተኛ ሙቀት የሚያመነጭ ፕሮሰሰር ነው፤ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለትምህርት ሥራ 65 ዋት የሚል ደረጃ ያለው በቂ ሆኖ ሳለ 125 ዋቱን መግዛት ጩኸትን በገንዘብ መሸመት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ሂትሲንኩ፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚያስተላልፈው ባለብዙ ክንፍ ብረት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ትንሽ በመሆኑ ፋኑ ለመፍጠን ይገደዳል፤ ባለ 120 ወይም ባለ 140 ሚሊሜትር ፋን የሚገጠምለት ትልቅ ሂትሲንክ ግን ሥራውን በዝግታ ይወጣል። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚገፋው አየር በግማሽ ሲያንስ፣ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ጆሮ ደግሞ የ10 ዴሲቤልን ቅናሽ እንኳ ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ አድርጎ ይሰማዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ስለሚያንስ፣ የከተማዋ ቅዝቃዜ በከፊል ቢያካክሰውም፣ በሂትሲንክ ላይ መቆጠብ በዚህች ከተማ በፍጹም አይመከርም።

ኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ ይሁን። በአዲስ አበባ በትርጉም ሥራ የምትተዳደር አንዲት ባለሙያ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነና ስድስት ባለቀለም መብራት ፋኖች ያሉት ኬዝ በውድ ዋጋ ገዝታ፣ ኮምፒውተሩ ሲጮህና ሥራው ሲጓተት ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል ተብላ አዲስ ልትገዛ ነበር፤ የፊቱ መስታወት ሲወልቅ ግን ጩኸቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጋብ አለ፤ ፋኖቹ የሚስቡት አየር ያገኙት ያን ጊዜ ነበርና። ሻጩ ስለ አየር መግቢያው አንዲት ቃል ሳይናገር መብራቱን ብቻ ማሳየቱ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን ዕቃን በብልጭልጩ የሚመዝን ገዢ እስካለ ድረስ እንዲህ ያለው ንግድ አይቆምም። ለአብዛኛው ሰው ከፊት ሁለት አየር አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን ይበቃል፤ የሚገባው አየር ከሚወጣው ሲበልጥ በየቀዳዳው አቧራ አይሳብም፤ ሆኖም በአቧራማ ሠፈር ማጣሪያ የሌለውን ኬዝ መግዛት አይገባም።

ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለዕቃዎቹ የሚመጥነው ክፍል፣ 80 ፕላስ ጎልድ የሚል የብቃት ደረጃ ቢኖረው የሚያባክነውና ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል ያንሳል። ለማከማቻ ኤስኤስዲ ይመረጥ፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ድምፅ የለውም።

በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ትሁን። የአየር ማጣሪያው በበጋ በየወሩ ወልቆ ይታጠብ፤ በደንብ ሳይደርቅም አይገጠም።