ላሚቱ የማን ናት?

በደጋው ገጠር የቤተሰብን ኑሮ ስትመዘግቡ የቆርቆሮው ክዳን አያታልላችሁ። በደጅ የታሰረችውም ላም የርቢ ልትሆን ትችላለች፤ ወተቷን ይጠጣሉ፥ ላሚቱ ግን የሌላ ሰው ናት። ይህ ሳይጠየቅ «ባለ ከብት» ተብላ የተጻፈች መበለት ከእርዳታው መዝገብ ትቀራለች።

የመኸሩ እህል እስከ የትኛው ወር እንደሚያደርሳቸው ጠይቁ። ጎተራው በሚያዝያ የሚራቆትበት ቤትና እስከ ነሐሴ የሚዘልቅለት ቤት በአንድ ተራ አይጻፉም። በሬስ? አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ጭራሽ የሌለው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል።

ያላቸውንም ጻፉ፦ እድሩን፥ ዕቁቡን፥ ወንፈሉን፥ የእጅ ሙያውን። (ይህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል።) ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ባል ያልቆጠራቸውን ዶሮዎች እነርሱ ያውቃሉ።