የቡድን ልዩነት በሞዴል ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎችን፣ ቀጥሎም ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰቦችን መረጠ። በአንድ የቆጠራ ቦታ የሚያድጉ ልጆች ውኃቸውም ገበያቸውም ጤና ኬላቸውም በአብዛኛው አንድ ነው። ስለዚህ በመቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ በማጠር፣ ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ። ይህን መመሳሰል የማይቆጥር ሞዴል መረጃው ከሚፈቅደው በላይ እርግጠኛ ይሆናል።

መመሳሰሉን የምንይዘው በራንደም ኢፌክት ነው። ይህም እያንዳንዱ ቡድን ከጠቅላላው አማካይ የሚርቅበት መጠን ሲሆን፣ መጠኖቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ ሥርጭት እንደ ወጡ ተቆጥረው ይገመታሉ። ፊክስድ ኢፌክት ግን ለየቡድኑ ለብቻው የሚገመት ነው።

የቱን ለየቱ እንስጥ? 645ቱ ቦታዎች ያልተመረጡትን ብዙ ቦታዎች ስለሚወክሉ ራንደም ይሁኑ። በጥናቱ ጊዜ የነበሩት 9 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች ግን ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ተካተዋል። የአማራን 46 ከመቶ፣ የአዲስ አበባን 15 ከመቶ መቀንጨር በየስማቸው ማወቅም እንፈልጋለን። እኔ ፊክስድ አደርጋቸዋለሁ።

እስካሁን የተለያየው የቡድኖቹ አማካይ ነው። የአንድ ምክንያት ጉልበትም ከቡድን ቡድን ሲለያይ ራንደም ስሎፕ እንጨምራለን። የእናት ትምህርት ለዚህ ይስማማል፤ በአንድ ቦታ የተማረችም ያልተማረችም አለችና። ከተማ ወይም ገጠር መሆን ግን ለአንድ የቆጠራ ቦታ ነዋሪዎች ሁሉ አንድ ነው፤ በውስጡ የሚነጻጸር ስለሌለ ስሎፑ በየቦታው ሊለያይ አይችልም። ትምህርት ቤቶችንም አስቡ፦ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይለያያል፣ የትምህርት ቤቱ ስፋት ግን አይለያይም። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው ሞዴሉ ሲያስቸግረው ጥፋቱን ከኮምፒውተሩ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፍተሻው እንለፍ። ጃፓናዊው አካይኬ ያቀረበው ኤአይሲ የተባለው መለኪያ ሞዴሎችን ያወዳድራል፤ ዝቅተኛው ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከደካሞች መካከል የተሻለው ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተገመተው ሞዴል ደጋግማችሁ ሰው ሠራሽ መረጃ አውጡ፤ በየቆጠራ ቦታው የቀነጨሩትን ልጆች ድርሻ ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። እውነተኛው ልዩነት ከሰው ሠራሹ እጅግ ከሰፋ፣ ሞዴሉ ያላየው ነገር ስላለ በጣም የራቁትን ቦታዎች አንድ በአንድ መርምሩ።