ሪዝሊንግ፦ አንድ የወይን ዘር፣ ብዙ ጣዕም



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘውን የወይን ግንድና የቅርንጫፎቹን ምሳሌ በየቁምስናው እናስተምራለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የወይን አትክልትን በቅርብ ስለማናውቅ፣ ተማሪዎቻችን «ነጭ ወይን ጠጅ ለቅዳሴ ይሆናልን? ጣፋጭ የሆነውስ ስኳር ተጨምሮበት አይደለምን?» ብለው ሲጠይቁን መልስ ያጥረናል። ይህን በሚገባ ለመመለስ እንዲረዳን ሪዝሊንግ የሚባለውን ነጭ የወይን ዘር እንመልከት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የዘሩ አመጣጥና ጠባይ

የሪዝሊንግ አገሩ በጀርመን የራይን ወንዝ አካባቢ ነው። ስሙ ቀድሞ ተጽፎ የተገኘው በ1435 በሩስልስሃይም፣ በአንድ መስፍን የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ጉዌ ብላን የሚባል፣ በመካከለኛው ዘመን ተራ ገበሬዎች ይተክሉት የነበረ የተናቀ ወይን መሆኑን የዘር ምርመራ አሳይቷል።

ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ የበረዶውን ወራት ብርድ ይችላል፤ ፍሬውም ቀስ ብሎ ይበስላል። ዋናው ጠባዩ ግን በውስጡ ያለው ስኳር እየጨመረ ሲሄድ እንኳ ኮምጣጣነቱን አለመልቀቁ ነው። ለብዙ ዓይነት ወይን ጠጅ የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በራይን ዳር በ1136 የተመሠረተው የኤበርባኽ ገዳም ሲታውያን መነኮሳት ለብዙ መቶ ዓመታት ወይን አልምተዋል። በአቅራቢያው በሚገኘው በዮሐኒስበርግ ደግሞ የፉልዳ ቤነዲክታውያን በ1720 ሪዝሊንግን በሰፊው ተከሉ። በ1775 ለመከሩ ፈቃድ የሚያመጣው መልእክተኛ ከፉልዳ ዘግይቶ በመድረሱ ፍሬው በተክሉ ላይ እንዳለ ሻገተ፤ መነኮሳቱም ሳይጥሉት ጠመቁት፤ የተገኘውም ወይን ጠጅ እጅግ ያማረ ሆነ ተብሎ ይተረካል። በ1787 የትሪር ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንሰስላውስ፣ በግዛታቸው ያሉ መጥፎ ወይኖች ተነቅለው በተሻሉ ዘሮች እንዲተኩ አዘዙ። ይህም ሪዝሊንግ በሞዘል ሸለቆ እንዲስፋፋ ረዳው።

3. ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

በጊዜው የተለቀመው ፍሬ ቀላል ወይን ጠጅ ይሰጣል። ዘግይቶ የተለቀመው የበለጠ ስኳር ይይዛል። «የከበረ ሻጋታ» የሚባለው ሲይዘው ውኃው ተንኖ እንደ ማር የጣፈጠ ጭማቂ ይቀራል። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ብርድ በተክሉ ላይ ከበረደ በኋላ የተጨመቀው «የበረዶ ወይን» ይባላል።

እርሾው ስኳሩን ሁሉ ከጨረሰው ወይን ጠጁ አይጣፍጥም፤ መፍላቱ ቀድሞ ከቆመ ግን ከፍሬው የመጣው ጣፋጭነት ይቀራል። በጀርመን ሕግ «ፕሬዲካትስቫይን» በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ለሚመደቡት ወይኖች ከውጭ ስኳር መጨመር የተከለከለ ነው። እንግዲህ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ሁሉ ስኳር የተጨመረበት አይደለም፤ የማይጣፍጠውም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

4. ለመሥዋዕተ ቅዳሴ

የ1983 የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 924፣ የ1990 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 706፣ ወይን ጠጁ ከወይን ፍሬ የተገኘ ተፈጥሯዊና ያልተበላሸ እንዲሆን ያዝዛሉ። ስለ ቀለሙ የተናገሩት የለም። በ2004 ከቅድስት መንበር የወጣው መመሪያ ደግሞ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን፣ እንዲሁም እውነተኛነቱ ወይም መገኛው የሚያጠራጥረውን ወይን ጠጅ ይከለክላል።

ስለዚህ ለመሠዊያ ወይን ጠጅ የሚገዛ ወይም የሚያስቀምጥ ሰው ቀለሙንና ጣፋጭነቱን ሳይሆን ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ተጨመረበት፣ ወደ ሆምጣጤነት አለመለወጡንም ይመርምር። በተጠራጠረ ጊዜ ለቆሞሱ ሳይነግር አያቅርብ። ጉዳዩ የጣዕም ምርጫ ሳይሆን የምሥጢረ ቁርባን ጉዳይ ነውና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ሪዝሊንግ ብዙ ዓይነት ወይን ጠጅ ሊሰጥ የቻለው በምን ጠባዩ ነው?
ለ. ከፍሬው የሚገኝ ጣፋጭነትና ስኳር በመጨመር የሚገኘው በምን ይለያያሉ?
ሐ. በቁምስናችን የመሠዊያው ወይን ጠጅ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?