ስለ መሪ እጅ አንጓና ስለ ዱላ ፊት አቅጣጫ

ሰው ኳስን በዱላ በመታ ጊዜ ኳሱ የሚሄደው ዓይን ወዳየበት ሳይሆን የዱላው ፊት ወደተመለከተበት ነው። በልደት ሰሞን ገና የሚጫወቱ ልጆች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ምክንያቱን የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። ይህን ነገር አጥብቀው ከመረመሩት መካከል የጎልፍ ተጫዋቾች ስለሚገኙበት፥ ትምህርቱን ከእነርሱ ጨዋታ እንወስዳለን።

ጎልፍ በስኮትላንድ አገር ያደገ ጨዋታ ነው። ኳሱ ከ46 ግራም ያነሰ፥ የሚገባበትም ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ ጥቂቱ ስሕተት ብዙ ያርቃል። የዱላው ፊት 1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፥ በዚያው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሄደ ኳስ 200 ሜትር ሲደርስ ከመስመሩ 3 ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። መምህሩ ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል።

የዱላውን ፊት ከሚያዞሩት ነገሮች ዋነኛው የመሪው እጅ አንጓ ነው። ቀኙን ለሚያዘወትር ሰው መሪው እጅ ግራው ነው። የአንጓው ሁኔታም ሦስት ነው።

፩ኛ፤ አንጓው ወደ እጅ ጀርባ ሲታጠፍ የዱላው ፊት ይከፈታል፤ ኳሱም ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

፪ኛ፤ አንጓው ወደ መዳፍ ሲታጠፍ ፊቱ ይዘጋል፤ ኳሱም ወደ ግራ ያዘነብላል።

፫ኛ፤ አንጓው ከክንድ ጋር ቀጥ ሲል ፊቱ በመካከለኛው ሁኔታ ይቆያል።

ይህን ለማስረዳት ልጁ ግራ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ በጫፉ ትንሽ ጣውላ የታሰረበትን በትር ቀጥ አድርጎ ያቁም፤ የጣውላው ፊት ከእጁ ጀርባ ጋር ወደ ግራ ይመልከት። ክንዱን ሳያነቃንቅ አንጓውን ወደ እጁ ጀርባ ቢያጥፍ ጣውላው ወደ ደረቱ ይዞራል፤ ወደ መዳፉ ቢያጥፍ ከእርሱ ይርቃል። ፊተኛው መክፈት፥ ሁለተኛው መዝጋት ነው።

አሜሪካዊው ቤን ሆጋን በዚህ ጨዋታ የሚተዳደር ሰው ሳለ ኳሱ በብርቱ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ ለብዙ ጊዜ አስቸገረው። መድኃኒቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ላይፍ በተባለው መጽሔት ገለጸ፤ ይኸውም ዱላው ከላይ ሲደርስ የግራውን አንጓ በጥቂቱ ወደ ጀርባ ማጠፍ ነበረ። በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት የግራው አንጓ ወደ ግቡ እንዲቀድም አስተማረ። በአንጻሩ ደስቲን ጆንሰን አንጓውን ከላይ አብዝቶ ወደ መዳፍ እያጠፈ በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካን ክፍት ውድድር፥ በ2020 ዓ.ም. ማስተርስ የተባለውን አሸነፈ።

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ከላይ የያዙት መልክ ልዩ ልዩ ሲሆን ሁለቱም ድል አደረጉ። ከዚህ የምንረዳው፥ ፍርዱ የሚሰጠው ዱላው ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት መሆኑን ነው። ስለዚህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው መልክ ለሌላው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ለሚሄድበት ልጅ የሆጋንን መድኃኒት ብንሰጠው ጥፋቱን እናበዛበታለን።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደተባለ፥ መምህር ሆይ፥ ልጁ ሲስት «ዓይንህን ክፈት» ብለህ አትቆጣው። ዓይኑ ደኅና ነው። ቁጣ ልጁን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ልጅም ዱላውን አጥብቆ ስለሚጨብጥ አንጓው ይደርቃል። ይልቁንስ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ አስቀድመህ ተመልከት፤ ከዚያም የዱላውን ፊት፥ ቀጥሎ አንጓውን መርምር። እንዲህ ያለ መምህር ለልጁ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ከውጤት ወደ ምክንያት መመለስንም ያስተምረዋል።